ከሁለቱ የቤጂንግ ዳክዬ ቤቶች ለእንግዳ የሚሆነው የትኛው ነው? ጥያቄዬና የተከተሉት 19 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የምላሾቹ ክር ከመርዘሙ የተነሣ መነሻው ሳይጠፋ የተባለውን በቅደም ተከተል ማስፈሩ የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። በሚቀጥለው ወር ከመሥሪያ ቤታችን ስድስት እንግዶች ለሥራ ወደ ቤጂንግ ይመጣሉ፤ በከተማዋ የሚያድሩት አንድ ሌሊት ብቻ ሲሆን እራት የመጋበዙ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ከእንግዶቹ ሁለቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አንደኛዋ በሐኪም ምክር ስብ ከተዉ ቆይተዋል። የከተማዋን ጥብስ ዳክዬ ሳላቀምስ መሸኘት ደግሞ ነውር ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ምርጫዬን ደረጃቸው ከፍ ባሉ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች ላይ አጥብቤ፣ ከቹዌንጁደና ከቢየንዪፋንግ ለእንዲህ ዓይነቱ ግብዣ የሚሻለው የትኛው ነው ስል ጠየቅሁ።

ሁለቱም ብዙ ቅርንጫፍ አሏቸው፤ እኔ ያሰብኩት ግን ከጥንቱ የችየንመን በር በስተደቡብ ያሉትን ነው። ቹዌንጁደ የሚገኘው በችየንመን ጎዳና ላይ ነው። ቢየንዪፋንግ ደግሞ ከዚያው ጎዳና ወደ ምሥራቅ በሚታጠፈው የሺየንዩኮው መንገድ ላይ ስላለ፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ለመግባት የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ይበቃል። በሁለቱም ቤት አንድ አንድ ጊዜ በልቻለሁ። ከመጀመሪያው የቀረልኝ ትዝታ የቆዳው ነው፤ ከደረቱ ላይ የተነሣው ቡናማ ቆዳ ስኳር ጠቀስ ተደርጎ አፍ ውስጥ ሲገባ አንዴ ቀጭ ይልና ወዲያው ይሟሟል፣ ለጥርስ የሚተርፍ ሥራ የለውም። ከሁለተኛው የማስታውሰው ሥጋውን ነው፤ ቢላዋ በነካው ቁጥር ጠርዙ ላይ ጭማቂ ያቀር ነበር፣ በስሱ ቂጣ ከተጠቀለለ በኋላም እርጥበቱ ጣቴ ላይ ደርሷል። በመካከሉ ሁለት ዓመት ስላለፈ ግን ምላሴን ዳኛ አድርጌ ማስቀመጥ አልደፈርኩም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላስታውስ።)

1ኛው ምላሽ የመጣው በከተማዋ ለረጅም ጊዜ እንደኖሩ ከገለጹ አንድ ሰው ነበር። እንግዳ አክባሪነቴን አመስግነው ሲያበቁ ያለማመንታት ቹዌንጁደን መረጡ። ምክንያታቸው እሳቱ ነው። በዚያ ቤት ዳክዬው የሚጠበሰው ፊቱ ክፍት በሆነ ምድጃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲሆን፣ ማገዶው እንደ ኮክ፣ እንደ ፒርና የቁርቁራ ዘመድ እንደሆነው የቻይና ተምር ካሉ የፍራፍሬ ዛፎች የተቆረጠ እንጨት ነው። ጠባሹ በረጅም ዘንግ ዳክዬውን እያነሣ ወደ ነበልባሉ ሲያስጠጋና ሲያርቅ ማየት በራሱ ለእንግዳ ግማሽ ግብዣ እንደሆነ ጻፉ። ቤቱን ዶሮና ዳክዬ በመሸጥ ኑሮውን የጀመረው ያንግ ቹዌንረን በ1864 እንደመሠረተው፣ ከዚያም ወዲህ የተጠበሱት ዳክዬዎች ቁጥር እየተያዘ ለተመጋቢው የእርሱ ዳክዬ ስንተኛ እንደሆነ የሚገልጽ ካርድ እንደሚሰጠው አከሉ። እንግዶችዎ ያችን ካርድ በቦርሳቸው ይዘው ይመለሳሉ ሲሉም ደመደሙ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ምላሽ ብቻ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

2ኛው ምላሽ ሰጪ ግን በአክብሮትም ቢሆን ፍርዱን ገለበጡት። ዕድሜ ክብር ከሆነ፣ ቢየንዪፋንግ ተመሠረትኩ የሚለው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ1416 ስለሆነ ቹዌንጁደን በ448 ዓመት ይቀድመዋል፤ ሽማግሌ ባለበት ልጅን ማስቀደም ተገቢ አይደለም አሉ። ቀጥለውም የአጠባበሱን ልዩነት አስረዱ። በቢየንዪፋንግ ምድጃው ዝግ ነው፤ በጥንቱ አሠራር በመጀመሪያ የማሽላ አገዳ ተቃጥሎ የምድጃው ግድግዳ እስኪግል ይጠበቅና፣ ነበልባሉ ሲከስም ዳክዬዎቹ ገብተው በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስኪበስል ድረስ በሩ አይከፈትም፤ ዳክዬውም እሳት ሳያይ በግድግዳው ሙቀት ብቻ ይበስላል። ጠባሹ መሃል ላይ ከፍቶ ማስተካከል ስለማይችል ሙያው ሁሉ ምድጃውን በማጋሉ ላይ ነው። የሥጋው ጭማቂ አለመባከኑም ከዚህ የመጣ እንደሆነ ገለጹ።

በ3ኛው ምላሽ ክሩ ወደ ታሪክ ዞረ። ጸሐፊዋ የታሪክ ተማሪ መሆኗን በአንድ ሐረግ ጠቅሳ፣ የ1416ቱ ዓመት በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት አሳሰበች። ንጉሠ ነገሥት ዮንግለ መዲናውን ከናንጂንግ ወደ ቤጂንግ በይፋ ያዛወረው በ1421 ነው፤ በ1416 ገና ቤተ መንግሥቱ በመታነጽ ላይ ነበር። ከዚህም በላይ ጥንታዊ ነው የሚባለው ቤት የነበረው ሚሺ ሁቶንግ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የዛሬው ቢየንዪፋንግ የዘር ሐረጉን የሚቆጥርበት የሺየንዩኮው ቤት የተከፈተው በ1855 ነው። በዚህ ሒሳብ በሁለቱ ተፎካካሪዎች መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት 448 ሳይሆን 9 ዓመት ይሆናል ማለቷ ነው። ልጅቷ የጻፈችው በለሰለሰ ቃል ነበር፤ የቃሉ መለስለስ ግን የሒሳቡን ስለት አላደነዘዘውም።

4ኛው ምላሽ የ2ኛው ባለቤት መልስ ነው። ስለ እርማቱ ካመሰገኑ በኋላ አንድ ነገር እንደቀራት አመለከቱ። ቤተ መንግሥቱን ለመሥራት ከደቡብ እጅግ ብዙ የእጅ ባለሙያና ሠራተኛ ወደ ቤጂንግ የገባው ከ1421 በፊት ነው፤ የናንጂንግን አጠባበስ የሚያውቅ ሰው የመዲናውን መዛወር አዋጅ ሳይጠብቅ ምድጃ ሊተክል ይችላል፣ የሚበላ ሕዝብ ያለው ግንባታው ባለበት ነውና። ስለ ሚሺ ሁቶንግና ስለ ሺየንዩኮው ግን ምንም አላሉም። ዝምታቸውን እኔ እንደ መቀበል ቆጠርኩት፤ እርሳቸው እንዲህ መባሉን ይወዱት እንደሆነ አላውቅም።

5ኛው ምላሽ አጭርና ፈገግ የሚያሰኝ ነበር። ቻይንኛ እየተማረ ያለ አንድ ወጣት የቢየንዪፋንግን ምልክት ሲያነብ የርካሽ ዕቃ ቤት የሚል ትርጉም አግኝቶ፣ ርካሽ ነኝ የሚል ቤት እንዴት ደረጃው ከፍ ያለ ይባላል ሲል ጠየቀ። መልሱን ያችው የታሪክ ተማሪ በዚያው ሥር ሰጠችው። ፊደሎቹ ሁለት ንባብ አላቸው፤ በአንዱ ሲነበቡ ርካሽ፣ በሌላው ሲነበቡ አመቺና ተገቢ ማለት ናቸው፣ የቤቱ ስም የሚነበበውም በሁለተኛው ነው። የተፎካካሪውም ስም ታሪክ እንዳለው አከለች፤ እንደሚተረከው ያንግ ቹዌንረን የገዛው የከሰረ የደረቅ ፍራፍሬ ሱቅ ደጁቹዌን ይባል ነበር፣ እርሱም የሱቁ መጥፎ ዕድል እንዲገለበጥ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት አስነብቦ ቹዌንጁደ አለው።

6ኛው ምላሽ ሰጪ ሰላምታም አላስቀደመም። ሁለቱም ቤቶች ለጎብኚ የተዘጋጁ እንደሆኑ፣ እውነተኛው የከተማዋ ሰው በሰፈሩ ባለች ትንሽ ቤት እንደሚበላ፣ ክሩም በሙሉ የስም ወዳዶች ወሬ እንደሆነ ጽፎ ሄደ። የሰፈሩን ቤት ግን አልጠቆመም። እንዲህ ያለ ምላሽ በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ የሚያናድደው መሳሳቱ ሳይሆን መንገድ ሳያሳይ መንገድ ስታችኋል ማለቱ ነው።

ክሩን ያነሣው 7ኛው ምላሽ ነበር። ጸሐፊው በምግብ ዝግጅት ሙያ ትምህርት ላይ ሳሉ ለጥቂት ወራት በአንድ የዳክዬ ቤት ወጥ ቤት እንደሠሩ ገልጸው፣ ሁለቱን ምድጃዎች ከማወዳደር በፊት ዳክዬው ምድጃ ከመድረሱ በፊት የሚደርስበትን ማወቅ ይገባል አሉ። ላባው ከተነጨ በኋላ ቆዳው ከሥሩ እንዲላቀቅ በአንገቱ በኩል አየር ይነፋበታል፤ ሆድ ዕቃው የሚወጣው ሆዱ ተቀዶ ሳይሆን በክንፉ ሥር በምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከዚያ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ቆዳው ይወጠራል፣ ከብቅል የሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀባል፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ተሰቅሎም ይደርቃል። ያልደረቀ ቆዳ በየትኛውም ምድጃ ቢገባ አይንኮሻኮሽም፤ እርሳቸው በሥራ ላይ ሳሉ ዋናው ጠባሽ ጠዋት ጠዋት የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር በየዳክዬው ጀርባ ላይ የእጁን ውጫዊ ጎን ማሳረፍ ነበር። የሚያጣብቀው ከተገኘ ለዚያ ቀን አይጠበስም።

ወደ ምድጃው ሲመጡ ያስረዱት ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። በክፍቱ ምድጃ የሚጠበሰው ዳክዬ ከመግባቱ በፊት ሆዱ ውስጥ የፈላ ውኃ ይሞላል፤ ስለዚህ ከውጭ በእሳት ሲጠበስ ከውስጥ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ወደ 50 ደቂቃ በሚፈጀው ጊዜም ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ቆዳው ብርጭቆ የሚመስለው ስቡ ስለለቀቀው ነው። በዝጉ ምድጃ ሙቀቱ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣና ነበልባል ስለማይገርፈው ቆዳው ያን ያህል አይሰባበርም፤ ይልቁንም ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ለስልሶ ይቀራል። እንግዲህ አንዱ ቤት ቆዳ ይሸጣል፣ ሌላው ሥጋ ይሸጣል፤ የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከዳክዬው ሳይሆን ከበላተኛው ነው ማለታቸው ነበር። ከ19ኙ ምላሾች አንዱን ብቻ አስቀር ብባል ይህንን አስቀራለሁ።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ሦስት ምላሾች ስለ ማባያው ናቸው። በ8ኛው አንዲት እኅት ጥቁሩ ማባያ ከፕለም ፍሬ የተሠራ እንደሆነ ጠየቁ። 9ኛው መልስ ሰጪ በሙሉ ልብ ሆይሲን የሚባለው የአኩሪ አተር ማባያ ነው አሉ። 10ኛው ግን እነዚህ ሁለቱ ከቻይና ውጭ ባሉ ምግብ ቤቶች በምትክነት የሚቀርቡ እንደሆኑ ገልጸው፣ በቤጂንግ የሚቀርበው ትየንሜንጂያንግ የሚባለው፣ በዋናነት ከተብላላ የስንዴ ዱቄት የሚሠራው ጣፋጭ ማባያ መሆኑን አስረዱ። ከእርሱ ጋር በቀጭኑ የተሰነጠቀ ባሮ ሽንኩርትና ኪያር ይቀርባል። ቀድሞ ቅቡ የሚደረገው በቂጣው ላይ ነው ወይስ በሥጋው ላይ የሚል ንዑስ ክርክርም ተነሥቶ ነበር፤ ለአንባቢ ስል ዘልየዋለሁ።

11ኛው ምላሽ ከርዕሱ የወጣ መስሎ ነበር የጀመረው። ጸሐፊው ያነሡት በሐምሌ 1971 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀር በምስጢር ወደ ቤጂንግ የመጡበትን ጉዞ ነው። ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከቹ ኤን ላይ ጋር የያዙት ውይይት በከረረበት ሰዓት፣ ቹ ዳክዬው እንዳይቀዘቅዝ በማለት ንግግሩ ተቋርጦ ምሳ እንዲበላ አድርገዋል። ጸሐፊው ከዚህ ያወጡት ነጥብ እንዲህ ነው። የክፍት ምድጃ ዳክዬ ከወጣና ከተቆረጠ በኋላ የሚጠብቅ ምግብ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልተበላ እንፋሎቱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የሁለት ታላላቅ አገሮችን ንግግር ያቋረጠ ዳክዬ የእርስዎን እንግዶች ንግግር ለማቋረጥ አያመነታም፤ እንግዶችዎ ግን ለመቋረጥ ፈቃደኞች ናቸው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

የክሩ ቁጣ የተነሣው በ12ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ስሙን ባልጠቀሱት አንድ ሦስተኛ ቤት የደረሰባቸውን በደል ዘረዘሩ። በቀጠሮአቸው ሰዓት ደርሰው ረጅም ጊዜ ከጠበቁ በኋላ የመጣላቸው ዳክዬ አስቀድሞ በወጥ ቤት ተቆርጦ የቆየና ለብ ያለ ነበር። ከዚያ በፊት ጥሩ ዳክዬ 108 ቁራጭ ይወጣዋል የሚል ስለሰሙ መቁጠር ጀመሩ፤ 83 ላይ አለቀባቸው። የጎደሉት 25 ቁራጮች የት ሄዱ ሲሉ አስተናጋጁን ጠይቀው አጥጋቢ መልስ ሳያገኙ ወጡ። በዚህ ምክንያት ከዳክዬ ቤት ሁሉ እንድርቅና እንግዶቼን ሌላ ነገር እንድጋብዝ መከሩኝ።

13ኛው ምላሽ ሰጪ አልራሩላቸውም። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ስንነጋገር የነበረው በእርስዎ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያለማስጠንቀቂያ ወደ አንተ ወረዱ። ለብ ያለው ዳክዬ ቅሬታ እንደሚገባው አምነው፣ እራት ላይ ተቀምጦ ቁራጭ የሚቆጥር ሰው ሊጠግብ እንደማይችል፣ ጥፋቱም የቤቱ ብቻ ሳይሆን የቆጣሪውም እንደሆነ ጻፉ። 108 የሚባለው የጥንቱ የሙያ መለኪያ እንጂ ውል አይደለም፤ የቁራጩ ብዛት በዳክዬው ክብደት፣ በቆራጩ እጅና ቆዳው ለብቻ በመነሣቱ ወይም ባለመነሣቱ ይለያያል አሉ። የተናገሩት ነገር ትክክል ነበር። አነጋገሩ ግን የሰውየውን ዕድሜ የማያውቅ ሰው አነጋገር ስለነበረ፣ በ14ኛው ምላሽ የ1ኛው ባለቤት መሃል ገብተው ሁለቱንም በስክነት ገሠጹ፤ ተቆጪውን በቃላቸው፣ ቆጣሪውን ደግሞ ከአንድ ቤት ተነሥተው በሁሉም ላይ በመፍረዳቸው። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ትኩስ ዳክዬ የመጠየቅ መብት እንዳለው ግን አሰመሩበት። ባለ 83ቱ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

15ኛው ምላሽ ስለ ዋጋ ነው። ጸሐፊዋ ቹዌንጁደ በ2007 በሼንዘን የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ መሆኑን፣ በሐምሌ 2020 ደግሞ 156ኛ ዓመቱን ሲያከብር የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደቀነሰና የአገልግሎት ክፍያን እንዳስቀረ ጠቅሰው፣ ውድ ነው የሚለው የቆየ ወሬ በዚያው ልክ መታረም አለበት አሉ። ለስድስት እንግዶችና ለጋባዡ ሒሳቡን የሚያንረው ዳክዬው ሳይሆን በዙሪያው የሚታዘዘው ነው፤ በሰናፍጭ የሚቀርበው የዳክዬ እግር፣ በእሳት ለብለብ የሚደረገው ልብና ጉበቱ ሲደማመሩ ከዳክዬው ይበልጣሉ ሲሉ አስጠነቀቁ።

16ኛው ጸሐፊ ሁለቱን ቤቶች ትተን በኮከብ እንድንመራ ሐሳብ አቀረቡ። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሸሊን መመሪያ ለቤጂንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2019 መጨረሻ ነው፤ በዚያ እትም ሦስት ኮከብ ያገኘው ሺን ሮንግ ጂ የሚያቀርበው ግን የቤጂንግን ሳይሆን በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችውን የታይጆውን የባሕር ምግብ ነው። በዚህ የከተማዋ ሰዎች ቅር መሰኘታቸውንም አልሸሸጉም። ስብ ለማይበሉት እንግዳዬ ሲሉ ዳ ዶንግ የሚባለውን ቤት ጠቆሙኝ፤ ባለቤቱ ስቡ ይበልጥ የወጣለት ዳክዬ በመጥበስ ስም ያተረፉ ናቸው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እኔ ግን ሁለት ቤት አወዳድሩልኝ ብዬ ሦስተኛ ማግባት ጥያቄውን እንደ ማምለጥ ስለመሰለኝ አመስግኜ ተውኩት።

በ17ኛው ክሩ ጨርሶ ውኃ ተሻገረ። አንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ የምንከራከርበት ነጩ የቤጂንግ ዳክዬ በ1873 ወደ አሜሪካ ተወስዶ በሎንግ አይላንድ የእርባታ ሥራ መነሻ እንደሆነ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ቼሪ ቫሊ የሚባል ድርጅት ዝርያውን ቶሎ እንዲያድግ አድርጎ ሲያራባ ከቆየ በኋላ በ2017 የቻይና ኩባንያዎች ድርጅቱን እንደገዙት ተረኩ። ዳክዬው ከመቶ ዓመት በላይ በስደት ቆይቶ በግዢ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ለእራቴ ምን እንደሚጠቅመኝ ባይገባኝም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ወደ መሬት የመለሱን የ7ኛው ባለቤት ናቸው፤ 18ኛው ምላሽ የእርሳቸው ነው። አንድ ዳክዬ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ ለሰባታችን ሁለት ያስፈልጋል። ዳክዬውን ጠረጴዛ ስይዝ አብሬ እንዳዝዝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዳይወጡ እንድነግራቸው፣ የመጀመሪያው ተበልቶ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው እንዲቆረጥ እንድጠይቅ መከሩኝ። ስብ ለማይበሉት እንግዳ ደግሞ ቆራጩ ቆዳውን ለብቻ፣ የደረቱን ሥጋ ለብቻ እንዲያነሣ ማዘዝ ይቻላል። ዕውቅ ቤት ሲገቡ ሰዎች ይህን መጠየቅ ያፍራሉ፤ ቆራጩ ግን በየቀኑ የሚጠየቀው ነገር ነው።

19ኛውና የመጨረሻው ምላሽ የአንዲት ሴት ነው፤ ወላጆቻቸውን በሁለቱም ቤቶች ጋብዘው ያውቃሉ። አባታቸው ጥርሳቸው ስለደከመ የክፍቱን ምድጃ ቆዳ ቢወዱትም ደረቅ ያለውን ሥጋ ግን እያነሡ ይተዉት ነበር፤ በዝጉ ምድጃ ቤት ሳህናቸውን ጨርሰው ነው የተነሡት። ከዚያም በላይ አባታቸው ጨዋታ ወዳድ ስለሆኑ ምግቡ ከቀረበ በኋላ የጀመሩትን ታሪክ ሳይጨርሱ እጃቸውን አይዘረጉም። የተንኮሻኮሸው ቆዳ በታሪኩ መሃል ሲለሰልስ፣ የዝጉ ምድጃ ሥጋ ግን ታሪኩ እስኪያልቅ ጣዕሙ ብዙም አልጎደለበትም። ሴትየዋ ይህን የጻፉት ለክርክር አልነበረም፤ እኔ ግን የ11ኛው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው። የእኔም እንግዶች ከተገናኙ ዓመት ያለፋቸው የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው እጁን አንሥቶ የሚያዳምጥ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ለዳክዬ ብለው ወሬ አያቋርጡም።

ስለዚህ በሺየንዩኮው መንገድ ባለው በቢየንዪፋንግ ለሰባት ሰው ጠረጴዛ ይዣለሁ። ቹዌንጁደን አልተውኩትም፤ ቆዳውን ቶሎ ቶሎ ከሚበላ አንድ ወዳጄ ጋር ለብቻችን እንሄዳለን። ለእራቱ ሁለት ዳክዬ አዝዣለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 40 ደቂቃ ዘግይቶ ይወጣል። ስልኩን ያነሣችው ልጅ የአጥንቱን ነገር ስትጠይቀኝ፣ በቅመም ይጠበስ ወይስ ሾርባ ይሁን የሚለውን ከእናንተ አንዳችሁም እንዳላነሣችሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለሽማግሎቹ ብዬ ሾርባ አልኳት፤ ስብ ለማይበሉት እንግዳም ኪያሩ በሁለት ሳህን እንዲመጣ አስመዘገብኩ።